ኢማም አል-ገዛሊ፦ ዓይናቸውንም አእምሯቸውንም የመረመሩት ዓሊም

ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ ሲነሱ ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ኢሕያእ ዑሉሙ-ዲን የተሰኘው ኪታባቸው ነው። ዛሬ የምናነሳው ግን ከዚያ በፊት የገቡበትን ጭንቀት ነው።

በ450 ዓመተ ሒጅራ (1058 እ.ኤ.አ.) በኹራሳን፣ ጡስ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ሞቱ፤ እሳቸውንና ወንድማቸውን አሕመድን በአደራ የተቀበሏቸው የአባታቸው ወዳጅ የሆኑ አንድ ሱፊ ናቸው። ኋላ ኒሻፑር ሄደው ከታላቁ ዓሊም ከአል-ጁወይኒ ዘንድ ቀሩ። በ1091 ወዚሩ ኒዛሙል-ሙልክ የባግዳዱን ኒዛሚያ መድረሳ እንዲያስተምሩ ሾሟቸው። ሦስት መቶ ተማሪ ይቀራባቸው ነበር።

ኢማሙ ራሳቸው እንደተረኩት፣ ጥርጥር የሌለበት ዕውቀት የትኛው ነው ብለው ተነሱ። መጀመሪያ ዓይናቸውን መረመሩ። ጥላን ስናየው የቆመ ይመስለናል፤ ቆይተን ብናየው ግን ቦታውን ለቋል። ኮከብ ለዓይን የአንድ ዲናር ያህል ነው፤ ስሌት ግን ከምድር እንደሚበልጥ ያሳያል። ዓይን የፈረደውን አእምሮ ሻረው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። እሳቸው አልቆሙም። ከአእምሮ በላይ ሌላ ዳኛ ኖሮ የአእምሮንም ፍርድ ቢሽረውስ? በሕልሙ ያለ ሰው የሚያየውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ ይቀበላል፤ ከንቱነቱን የሚያውቀው ሲነቃ ነው። ማስረጃ እንዳያቀርቡ ማስረጃ መነሻ ይፈልጋል፤ የተጠረጠረው ደግሞ መነሻው ራሱ ነበር። ሁለት ወር ያህል በዚህ ሕመም ቆዩ። ከዚያ ያወጣቸው የክርክር ብዛት ሳይሆን አላህ በልባቸው የጣለው ብርሃን እንደነበር ጽፈዋል።

ታዲያ አእምሮን ጣሉት? የሚነቅፏቸውም፣ አንዳንድ ወዳጆቻቸውም እንዲህ ይላሉ። እኛ አንስማማም። ተሃፉት አል-ፈላሲፋ በተባለው ኪታባቸው በሃያ ጉዳዮች ፈላስፎችን ሲሞግቱ እንኳ፣ የግርዶሽን ስሌት በዲን ስም የሚክድ ሰው ዲኑን እንደሚጎዳ አስጠንቅቀዋል። ጥጥ እሳት ሲነካው ሲቃጠል እናያለን፤ ዓይን የሚያየው ግን መንካቱንና መቃጠሉን ብቻ ነው፣ እሳቱ በራሱ ኃይል ማቃጠሉን አይደለም ብለው የሞገቱትም በአእምሮ ነው። በዕድሜያቸው ማብቂያ በጻፉት አል-ሙስተስፋ ደግሞ ለኡሱሉል-ፊቅህ ትምህርት መንጢቅን መግቢያ አደረጉት፤ መንጢቅን ያልጨበጠ ሰው ዕውቀቱ እንደማይታመን ተናገሩ። አእምሮን የጣለ ሰው ይህን አይጽፍም።

ግን ማወቅ ብቻውን አልበቃቸውም። ጤና ምን እንደሆነ መተንተንና ጤነኛ መሆን ይለያያሉ፤ ሐኪም ታሞም የጤናን ትርጉም ያውቃል። በ1095 ይህ ልዩነት በራሳቸው ላይ ደረሰ። የሚያስተምሩት ለአላህ ይሁን ለዝና ራሳቸውን ሲጠይቁ ምላሳቸው ተሳሰረ፣ ምግብም አልወርድ አላቸው፤ ሐኪሞች ተስፋ ቆረጡ። በመጨረሻ ሹመታቸውን ትተው፣ ለቤተሰባቸው የሚበቃውን አስቀርተው ገንዘባቸውን በትነው ወጡ። ደማስቆ፣ ቁድስ፣ ከዚያም ሐጅ።

ከአሥር ዓመት በላይ ከማስተማር ርቀው ቆይተው በ1106 ኒሻፑር ላይ እንደገና ማስተማር ጀመሩ። ኋላም ጡስ ተመልሰው ከቤታቸው አጠገብ መድረሳና የሱፊዎች ማረፊያ አቋቋሙ። በ505 ዓመተ ሒጅራ (1111 እ.ኤ.አ.) እስኪያርፉ ድረስ የመጨረሻ ጊዜያቸውን ሐዲስ በመማር አሳለፉ። አላህ ይዘንላቸው።