ከጎመን መደብ እስከ ጨረቃ፤ የሮበርት ጎዳርድ ሕይወት

ከፒያሳ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ፤ የሴባስቶፖል መድፍ ምሳሌ የተተከለበትን የቴዎድሮስ አደባባይ ያገኛል። መድፉ ዐፄ ቴዎድሮስን ያስታውሳል፤ ነገር ግን ሮኬት የሚባለው መሣሪያም በእኚሁ ንጉሥ ዘመን በአገራችን ምድር እንደ ተተኮሰ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ. ም. ከመቅደላ በታች በእሮጌ በተደረገው ጦርነት፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወታደሮች በፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊት ላይ ሮኬት ተኩሰው ነበር። የዚያ ዘመን ሮኬት በባሩድ የሚሄድ፤ አቅጣጫው የማያስተማምን፤ ከርችትና ከጦርነት በቀር ብዙ ጥቅም ያልተገኘለት ነገር ነበር። ይህንኑ መሣሪያ የሕዋ መመርመሪያ ለማድረግ ዕድሜውን የሰጠው ሰው የተወለደው ከዚያ ጦርነት 14 ዓመት በኋላ ነው። ስሙም ሮበርት ጎዳርድ ይባላል።

ጎዳርድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ቀን 1882 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር ከተማ ተወለደ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱትም ዓመታት፤ ካልተገለጸ በቀር፤ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በልጅነቱ በሽታ ስለ በዛበት ከጓደኞቹ ሁለት ዓመት ያህል በትምህርት ወደ ኋላ ቀረ። ቢሆንም የተኛበትን ጊዜ በንባብ ይጠቀምበት ነበር። በ1899 በ17 ዓመቱ የደረቁ ቅርንጫፎችን ሊቆርጥ ከአንድ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሳለ፤ ወደ ማርስ የሚደርስ መሣሪያ መሥራት ቢቻል ምን ያህል ድንቅ እንደሚሆን አሰበ። ከዛፉ ሲወርድ የሕይወቱን ዓላማ አግኝቶ ነበርና ያችን ቀን እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ያስባት ነበር።

በ1911 ከክላርክ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የሳንባ ነቀርሳ ያዘውና ሐኪሞች ተስፋ ቆረጡበት። እሱ ግን አልሞተም፤ እንዲያውም በ1914 ስለ ሮኬት ሁለት የፈጠራ መብቶች አስመዘገበ። አንደኛው ክፍል በክፍል እየተቃጠለ ስለሚወጣ ሮኬት ሲሆን፤ ሁለተኛው በፈሳሽ ነዳጅ ስለሚሄድ ሮኬት ነበር።

በቡሄ ርችት የሚተኩስ የአራዳ ልጅ፤ ርችቱ የሚወነጨፈው ጭሱ አየሩን ስለሚገፋ ይመስለዋል። ብዙ የተማሩ ሰዎችም እንዲሁ ያምኑ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም የሚቃጠለው ጋዝ በኃይል ወደ ኋላ ሲወጣ ሮኬቱን በዚያው መጠን ወደ ፊት ይገፋዋል። ስለዚህ አየር አያስፈልገውም። ጎዳርድ ይህን ለማረጋገጥ አየሩ በተመጠጠ ቧንቧ ውስጥ ተኩሶ አሳየ። በ1917 ስሚዝሶንያን የተባለው ተቋም 5,000 ዶላር ረዳው። በ1920 ግን ሮኬት እስከ ጨረቃ ሊደርስ እንደሚችል የጻፈው ነገር በወጣ ጊዜ፤ ኒውዮርክ ታይምስ የተባለው ታላቅ ጋዜጣ የትምህርት ቤት ልጅ የሚያውቀውን አያውቅም ብሎ ተሳለቀበት። ጎዳርድ ከዚያ ወዲህ ሰው የሚሸሽና ሥራውን የሚደብቅ ሆነ።

ታላቋ ቀን የመጣችው መጋቢት 16 ቀን 1926፤ ማለትም እንደ እኛ አቆጣጠር መጋቢት 7 ቀን 1918 ዓ. ም. ነው። በአዲስ አበባ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ከተከፈተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ቦታው በኦበርን የሚገኘው የአክስቱ የኤፊ እርሻ ነው፤ ምድሩን በረዶ ሸፍኖታል። የተገኙት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ጎዳርድ፤ ሚስቱ አስቴር፤ መካኒኩ ሄንሪ ሳክስና የዩኒቨርሲቲው መምህር ፐርሲ ሩፕ። የክብር እንግዳ፤ ሰልፍና ሙዚቃ አልነበረም። ሳክስ በረዥም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ ነበልባል እሳቱን ለኰሰ። ቤንዚኑና ወደ ፈሳሽነት የተለወጠው ኦክሲጅን ተገናኝተው ጮኹ፤ ሮኬቱ ግን ወዲያው አልተነሣም። ነዳጁ እየተቃጠለ ክብደቱ ሲቀንስ ነው ብድግ ያለው። 12 ሜትር ተኩል ያህል፤ ማለት የአንድ አራት ፎቅ ቤት ቁመት ወጥቶ፤ 56 ሜትር ርቆ ከጎመን መደብ ላይ ወደቀ። በረራው ሁለት ሰኮንድ ተኩል ብቻ ፈጀ። ወይዘሮ አስቴር ፊልም ታነሣ ነበር፤ ነገር ግን ካሜራዋ ከሰባት ሰኮንድ በላይ ስለማይሠራ ሮኬቱ ሳይነሣ ፊልሙ አለቀ። ዓለም ስለዚህ ቀን ምንም አልሰማም።

በ1929 የተተኮሰው ሌላ ሮኬት ድምፁ አካባቢውን ስላሸበረ፤ ፖሊስና አምቡላንስ መጡ፤ ተኩሱም በግዛቱ ተከለከለ። ዝነኛው አውሮፕላን ነጂ ቻርልስ ሊንድበርግ ግን ነገሩን ተረድቶ ከባለጸጋው ከጉገንሃይም ገንዘብ አስገኘለት። ጎዳርድም በ1930 ወደ ሮዝዌል በረሃ ሄዶ፤ ከድምፅ የሚፈጥኑና ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጡ ሮኬቶችን ሠራ። ይሁን እንጂ ከጥቂት ረዳቶች ጋር ተሸሽጎ ሲሠራ፤ በጀርመን አገር ብዙ መሐንዲሶች በመንግሥት ገንዘብ ተባብረው ቀደሙት፤ በ1944ም የሠሩት ሮኬት በለንደን ላይ ወረደ። ጎዳርድ ነሐሴ 10 ቀን 1945 በጉሮሮ ነቀርሳ ሞተ።

ከሞተ በኋላ ሚስቱ ወረቀቶቹን አሰባስባ ያስመዘገበቻቸው ሲጨመሩ የፈጠራ መብቶቹ 214 ደረሱ፤ የአሜሪካ መንግሥትም በ1960 ስለነዚህ መብቶች 1,000,000 ዶላር ከፈለ። በሐምሌ 1969 ሦስት ሰዎች ወደ ጨረቃ ሲጓዙ፤ ያ የተሳለቀው ጋዜጣ ከ49 ዓመት በኋላ ስሕተቱን አረመ። ጎዳርድ ግን ይህን አላየም።

የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ. ም. ከቻይና በሮኬት ተወንጭፋለች፤ መልእክቷም የተጠበቀው ከፒያሳ ሽቅብ በሚታየው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። በተማሪነት ወይም በአዲስ ሹመት ላይ ያለ ወጣት ከጎዳርድ ሕይወት ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛው፤ ሥራ ትንሽ ሆኖ ቢጀመር፤ ሰውም ቢስቅበት፤ እውነት እስከ ሆነ ድረስ መተው እንደማይገባ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከድካሙ የሚገኝ ነው፤ የፌዝ ቁስል ያገኘው ሰው ዕውቀቱን በመሳቢያ ቢቆልፍ፤ የሚጎዳው ፌዘኛው ሳይሆን ሥራው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን አባባል የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም።