ይስሐቅ ኒውተን በገንዘብ ማተሚያ ቤት

ይስሐቅ ኒውተን በዓለም ሁሉ ዘንድ የታወቀው ስለ ክብደት ሕግና ስለ ብርሃን ጠባይ በመረመረው ምርምር ነው። ይሁን እንጂ ከዕድሜው 31 ዓመት ያሳለፈው በከዋክብት ትምህርት ብቻ ሳይሆን ከእቶንና ከሚዛን፥ ከወርቅና ከብር ጋራ ነው። ብዙ ሰዎች ይህን የሕይወቱን ክፍል ለሊቅነቱ ክብር እንደ ተሰጠ ጡረታ አድርገው ይቈጥሩታል፤ የሠራውን ሥራ ለተመለከተ ግን ይህ አሳብ ትክክል አይደለም።

ኒውተን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1642 በእንግሊዝ አገር ዉልስቶርፕ በምትባል መንደር ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ የሞተው እርሱ ከመወለዱ በፊት ነበር። በ1661 በኬምብሪጅ ከሚገኘው ከትሪኒቲ ኮሌጅ ገብቶ፥ በ1669 በዚያው የሒሳብ መምህር ሆነ፤ በ1687 ስሙን ያስጠራውን ታላቅ መጽሐፉን አሳተመ። ይህ በየስፍራው በሰፊው የተጻፈ ስለ ሆነ መድገሙ አያስፈልግም።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የብር ገንዘብ እጅግ ተበላሽቶ ነበር። የጥንቱ ገንዘብ በመዶሻ እየተመታ የተሠራ ስለ ሆነ ዙሪያው እኩል አልነበረም፤ በዚህም ምክንያት ሌቦች ጠርዙን በመቀስ እየከረከሙ ቍርጥራጩን አቅልጠው ይሸጡት ነበር። ከ1662 ጀምሮ በመኪና የሚታተምና በጠርዙ ላይ ምልክት ያለበት አዲስ ገንዘብ ወጣ። ነገር ግን ቀላሉና ከባዱ በአንድ ዋጋ አብረው ሲዘዋወሩ፥ ሰው ሁሉ ከባዱን እየሸሸገ ቀላሉን ይከፍል ስለ ነበረ፥ መልካሙ ገንዘብ ከገበያ ጠፋ። ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት የሚገባው አሮጌ ብር ቢመዘን ግማሽ ያህሉ ጐድሎ ተገኘ። በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው ድኻው ነው፤ ባለጠጋው በቤቱ ሚዛን አለው፥ የቀን ሠራተኛው ግን የተሰጠውን ተቀብሎ ገበያ ሲወጣ፥ ነጋዴው አልቀበልም ቢለው የሚከራከርበት ማስረጃ የለውም።

ስለዚህ በ1696 መንግሥት አሮጌውን ገንዘብ ሁሉ ሰብስቦ እንደ ገና ለማተም ቈረጠ። በዚያው ዓመት የገንዘብ ሚኒስትሩ ቻርልስ ሞንታጉ፥ ኒውተን በሎንዶን ግንብ ውስጥ የሚገኘው ማተሚያ ቤት ተቈጣጣሪ ሆኖ እንዲሾም አደረገ፤ ሹመቱም ብዙ መገኘትን የማይጠይቅ መሆኑን ጽፎ ገለጸለት። በእርግጥም ከእርሱ በፊት የነበሩት ሹማምንት ደመወዙን እየተቀበሉ ሥራውን ለሌላ መተውን ልማድ አድርገውት ነበር። ኒውተን ግን የቀድሞውን መዝገብና ውል ሁሉ አገላብጦ መረመረ፤ በየእቶኑ ዘንድ እየቆመ ብረቱ ሲቀልጥ ምን ያህል እንደሚባክን፥ የየሥራው ዋጋም ምን ያህል መሆን እንደሚገባው እየመረመረ መዘገበ። ወደ 300 የሚጠጉ ሠራተኞችና 50 ፈረሶች ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምረው እስከ እኩለ ሌሊት ይደክሙ ነበር፤ ማተሚያውም በደቂቃ ከ50 እስከ 55 ጊዜ ይመታ ነበር። ይህ ሁሉ ጥድፊያ ባለበት ስፍራ አንዱ ሠራተኛ ቢያታልል ወይም ቢዘናጋ ጕዳቱ ወዲያው በመላው አገር ይበተናል።

ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠሩትን ተከታትሎ ለፍርድ ማቅረብም የተቈጣጣሪው ግዴታ ነበር። ኒውተን ይህን ክፍል ጠልቶት እንዲነሣለት አመለከተ፤ ስላልተፈቀደለት ግን እንደ ሌላው ሥራ ሁሉ በትጋት ያዘው። ከነዚህ ወንጀለኞች ዋነኛው ዊሊያም ቻሎነር ይባል ነበር። ይህ ሰው ራሱ ሐሰተኛ ገንዘብ እየሠራ፥ በእንግሊዝ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የማተሚያ ቤቱን ሠራተኞች ከሰሰ፤ የተሻለ አሠራር አሳያለሁ ብሎም ወደ ውስጥ እንዲገባ ለመነ። ለጅብ ሥጋን አደራ እንደ መስጠት ነበር። ኒውተን ምስክሮችን አንድ በአንድ እየጠየቀ ማስረጃውን ሰበሰበ፤ ቻሎነርም በ1699 በስቅላት ተቀጣ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒውተን የማተሚያ ቤቱ ዋና ሹም ሆነ። ከዚህ በኋላ ሌላውን የሚቈጣጠር ብቻ ሳይሆን እርሱ ራሱ የሚፈተን ሰው ሆነ። በእንግሊዝ አገር ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቆየ ሥርዓት ነበር፤ ይኸውም ከየጊዜው እትም ጥቂት ጥቂት ገንዘብ እየተነሣ ፒክስ በሚባል ሣጥን ተቈልፎ ይቀመጣል። በምዕራባውያን ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ቍርባን የሚቀመጥበትም ዕቃ በዚሁ ስም ይጠራል። ሣጥኑ ሲከፈት ከወርቅ አንጥረኞች ማኅበር ተመርጠው የማሉ ዳኞች ገንዘቡን ይመዝናሉ፤ ከገንዘቡም ቍራጭ ወስደው በእሳትና በኀይለኛ አሲድ አንጥረው፥ ጥራቱን በመንግሥት ዘንድ ከሚጠበቀው መፈተኛ ወርቅ ጋራ ያስተያያሉ። በሕጉ መሠረት ከ24 እጅ 22ቱ ጥሩ ወርቅ መሆን ነበረበት፤ ጊኒ ከሚባለው ገንዘብም 44 ተኩል በክብደት አንድ ፓውንድ መመዘን ነበረበት። የሰው እጅ ፍጹም ሊሆን ስለማይችል፥ 5760 ግሬን በሚመዝነው በአንዱ ፓውንድ ላይ 40 ግሬን ያህል ልዩነት ይፈቀድ ነበር። ከዚያ ቢያልፍ ተጠያቂው ዋናው ሹም ነው።

ሥርዓቱ መልካም ሲሆን አንድ ቀዳዳ ነበረበት። ክብደቱ የሚመዘነው በጅምላ ስለ ሆነ ከባዱ ገንዘብ የቀላሉን ጕድለት ይሸፍነው ነበር፤ ድምሩ ልክ ሲሆን እያንዳንዱ ልክ ላይሆን ይችላል። ይህን ያወቁ አንጥረኞች ከባድ ከባዱን ጊኒ እየመረጡ አቅልጠው ወርቁን ወደ ማተሚያ ቤት ይመልሱት ነበር። ከ1666 ጀምሮ ማተሙ ያለ ክፍያ ስለ ነበረ፥ ወጪው የመንግሥት፥ ትርፉ የአንጥረኛው፥ ቀላሉ ገንዘብ ደግሞ የሕዝቡ ዕጣ ሆነ። ፈተናውን ማለፍ ብቻ ቢፈልግ ኖሮ ኒውተን ይህን ነገር ባልነካው ነበር፤ ዳኞቹ አይደርሱበትምና። እርሱ ግን እያንዳንዱ ጊኒ ከወንድሙ ጋራ በክብደት እንዲቀራረብ አደረገ፤ በጻፈውም ማስታወሻ በዚህ እኩልነት ያ ንግድ እንደ ቆመ ገልጿል። በቅዱስ መጽሐፍ የተኰነነው አባይ ሚዛን በነጋዴው እጅ ብቻ እንደማይገኝ፥ በመንግሥት ቤትም በቸልተኝነት ሊፈጠር እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

በ1710 በተደረገው ፈተና ግን ያልታሰበ ነገር ሆነ። ኒውተን በዚያን ጊዜ የሮያል ሶሳይቲ ሊቀ መንበርና በ1705 ከንግሥት አን የሰር ማዕረግ የተቀበለ ሰው ነበር። ዳኞቹ የወርቁን ገንዘብ መርምረው ጥራቱ ከመፈተኛው ወርቅ ያነሰ ነው ሲሉ ፈረዱ። ለእንደዚህ ያለ ሰው በሕዝብ ፊት ከዚህ የከፋ ውርደት አልነበረም፤ ደጋግሞ የጻፋቸው የመልስ ረቂቆች ምን ያህል እንደ ተነካ ያስረዳሉ። ሆኖም በስሙና በማዕረጉ አልተከላከለም። ዳኞቹ የተጠቀሙበት መፈተኛ እንግሊዝና ስኮትላንድ በአንድነት በተዋሐዱበት በ1707 የተሠራ አዲስ ነበር። ኒውተን ይህን ከ1688ቱ መፈተኛ ጋራ አስተያይቶ፥ አዲሱ ሕጉ ከሚያዘው ይልቅ የጠራ መሆኑን በፈተና አሳየ። ጕድለቱ በገንዘቡ ሳይሆን በመለኪያው ነበር፤ ገንዘቡ ሕጉን ሲጠብቅ መለኪያው ሕጉን አልፎ ሄዷል። ክርክሩም ተቀባይነት አግኝቶ የ1707ቱ መፈተኛ ቀረና በኋላ የተደረጉት ፈተናዎች ወደ 1688ቱ ተመለሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። ዳኞቹ በኒውተን ላይ የፈረዱት በክፋት አልነበረም፤ በእጃቸው የተሰጣቸውን መለኪያ አምነው ነው። ተፈታኙ እንደ ኒውተን ያለ ሒሳብ ዐዋቂና የአንጥረኛን ሥራ የተማረ ባይሆን ኖሮ፥ ያለ ጥፋቱ ጥፋተኛ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ተከታዩም ሹም ፍርዱን ፈርቶ ሕግ ከሚያዘው በላይ ወርቅ በየገንዘቡ እየጨመረ የመንግሥቱን ሀብት ባባከነ ነበር።

ኒውተን በሹመቱ እንዳለ በመጋቢት 1727 በ84 ዓመቱ ሞተ፤ ስፍራውንም የእኅቱን ልጅ ያገባው ጆን ኮንዱይት ወረሰ። በሎንዶን በዌስትሚንስተር ገዳም ተቀበረ። በ1731 በመቃብሩ ላይ በተሠራው የእምነ በረድ ሐውልት ሕፃናት ተቀርጸውበታል፤ ከነርሱም አንዳንዶቹ የብርሃን መመርመሪያ መሣሪያ ይዘዋል፥ አንዱ ፀሐይን በሚዛን ይመዝናል፥ ሌሎቹም ከእቶኑ አጠገብ ሆነው አዲስ የታተመ ገንዘብ የሞላበት ዕቃ ተሸክመዋል።