ዓፄ ሱስንዮስ

ዓፄ ሱስንዮስ (የዙፋን ስም፦ ሥልጣን ሰገድ) ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. የነገሡ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። ካቶሊክነታቸውን በይፋ ያወጁና እምነቱን በዐዋጅ የመንግሥት ሃይማኖት ያደረጉ ንጉሥ በመሆናቸው ይታወቃሉ። በመጨረሻ ግን ራሳቸው ባመጡት ሃይማኖት ስም የሚደረገውን ሁሉ መቀበል ስላቃታቸው፣ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ እምነት እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ልጅነት

ሱስንዮስ የተወለዱት በ1572 ገደማ ነው። አባታቸው አቤቶ ፋሲለደስ የአቤቶ ያዕቆብ ልጅ ሲሆኑ፣ አቤቶ ያዕቆብ ደግሞ የዓፄ ልብነ ድንግል ልጅ ናቸው። በሸዋ ትውፊት መሠረት አቤቶ ያዕቆብ በግራኝ አህመድ ጦርነት ጊዜ መንዝ ውስጥ ተሸሽገው የቀሩት የንጉሡ ልጅ ናቸው። ከሌላው ልጃቸው ከሥግወ ቃል ከወረደው ዘር፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መንዝና ግሼን የያዙት ነጋሲ ክርስቶስና ከእሳቸው በኋላ የመጡት የሸዋ ገዢዎች ተወለዱ። ስለዚህ ሱስንዮስና የመንዝ ነጋሲዎች ከአንድ አያት የሚመዘዙ ዘመዳሞች ናቸው።

ሱስንዮስ ገና ልጅ ሳሉ ኦሮሞዎች ባደረሱት ጥቃት አባታቸው ተገደሉ፤ እሳቸውም ተማርከው ከአንድ ዓመት በላይ ከኦሮሞዎች ጋር ኖሩ። በዚያ ጊዜ ቋንቋውንና የጦር ስልቱን ተማሩ። ካደጉ በኋላ ዙፋኑን በመፈለግ በሸዋና በጎጃም እየተዘዋወሩ በሽፍትነት ሲኖሩ ይህ ዕውቀት በእጅጉ ጠቀማቸው።

ወደ ዙፋን መውጣት

ዓፄ ሠርፀ ድንግል በ1597 ሲሞቱ ሕፃኑ ልጃቸው ያዕቆብ ነገሠ። በ1603 ያዕቆብ ከዙፋኑ ወርዶ በምትኩ የነገሡት ዓፄ ዘድንግል ወደ ካቶሊክ እምነት በማዘንበላቸው መኳንንቱ ዐመፁባቸው፤ በ1604 ባርጫ በተባለው ቦታ በጦርነት ሞቱ። ከዚያ በኋላ ውድድሩ በሱስንዮስና በያዕቆብ መካከል ሆነ። መጋቢት 1607 ጎጃም ውስጥ ጎል በተባለ ስፍራ በተደረገው ጦርነት ሱስንዮስ ድል ሲያደርጉ ያዕቆብና ከእሱ ጋር የተሰለፉት ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ሁለቱም ተገደሉ። ሱስንዮስም አክሱም ሄደው እንደ ጥንቱ ሥርዓት ዘውድ ጫኑ።

ከጴድሮ ፓኤዝ ጋር የነበራቸው ግንኙነት

በ1603 ኢትዮጵያ የገባው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ሚሲዮናዊ ጴድሮ ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛ የተማረና በጠባዩም ሰውን የሚያቀርብ ሰው ነበር። በጣና ዳር ጎርጎራ ላይ በድንጋይና በኖራ ለንጉሡ ቤተ መንግሥት አሠራ። በ1618 ደግሞ ከንጉሡ ጋር ሆኖ የግልገል አባይን ምንጭ አየ።

የክርክሩ ዋና ጉዳይ የክርስቶስ ባሕርይ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መለኮትና ትስብእት ተዋሕደው አንድ ባሕርይ ሆነዋል ብላ ታስተምራለች። ካቶሊኮች ግን በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ተከትለው በአንድ አካል ሁለት ባሕርይ ይላሉ። ሱስንዮስ ሊቃውንቱን ከሚሲዮናውያኑ ጋር ፊት ለፊት እያከራከሩ ካዳመጡ በኋላ ወደ ሁለተኛው አሳብ አዘነበሉ። በእናት የሚገናኟቸው ወንድማቸው ራስ ስዕለ ክርስቶስ ከእሳቸው ቀድመው ካቶሊክ ሆነው ነበር። ንጉሡ ከፖርቱጋል የጦር እርዳታ ለማግኘትም ተስፋ ስለነበራቸው፣ ውሳኔያቸው የሃይማኖት ብቻ ነበር ማለት አይቻልም።

ተቃውሞው ቶሎ ጀመረ። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን የሁለት ባሕርይን ትምህርት የተቀበሉትን አወገዙ። በ1617 የንጉሡ የልጅ ባል ዩልዮስ ከአቡኑ ጋር ሆኖ ዐመፀ፤ ሁለቱም በጦርነቱ ሞቱ። በ1620 ንጉሡ የቅዳሜ ሰንበት እንዳይከበር ባዘዙ ጊዜ የበጌምድሩ ገዢ ዮናኤል ሸፈተ። የቅዳሜ መከበር በተለይ ለሸዋ ሰው ቀላል ነገር አልነበረም፤ በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1450 ጉዳዩ ተወስኖ የጸናው በተጉለት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነበርና።

በ1622 ሱስንዮስ ለፓኤዝ ተናዘው ካቶሊክነታቸውን በይፋ አስታወቁ። ከመናዘዛቸው በፊት ከመጀመሪያዋ ሚስታቸው በቀር ሌሎቹን ሁሉ አሰናበቱ። ፓኤዝ ከዚህ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በዚያው ዓመት ሞተ።

የአፎንሶ ሜንዴዝ መምጣት

ከሮም የተሾሙት ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ኢትዮጵያ ገቡ። የካቲት 11 ቀን 1626 ደንቀዝ ላይ ሱስንዮስ በፓትርያርኩ ፊት ተንበርክከው ለሮማው ጳጳስ ለመታዘዝ ማሉ፤ መኳንንቱና ካህናቱም እንዲምሉ ተደረገ።

ፓኤዝ ነገሮችን በዝግታና በምክር ያካሂድ ነበር፤ ሜንዴዝ ግን ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ እንዲለወጥ ፈለጉ። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ቀሳውስቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ አዘዙ። ግርዛት ተከለከለ። የበዓላትና የአጽዋማት ቀናት በሮም አቆጣጠር እንዲሆኑ፣ ቅዳሴውም በላቲን ሥርዓት እንዲቀደስ ተወሰነ። ለካቶሊክ በተባረከ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቀበሩ የአንድ እጨጌ አስከሬን እንዲወጣ መደረጉ ደግሞ ሕዝቡን ክፉኛ አስቆጣ።

በዚህ ምክንያት ክርክሩ የሊቃውንት ብቻ መሆኑ ቀረ። ስለ ባሕርይ የሚደረገውን ሙግት የማያውቅ ገበሬ እንኳ ጥምቀቱና ጾሙ ከንቱ እንደነበሩ ሲነገረው ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ገባው።

ዐመፆችና ንጉሡ ያነሷቸው ጥያቄዎች

ሌላው የንጉሡ የልጅ ባል ተክለ ጊዮርጊስ በትግራይ ዐመፀና ተይዞ ተገደለ። ከ1629 ጀምሮ ደግሞ የላስታ ሰዎች መልክአ ክርስቶስ የተባለውን የነገሥታት ዘር አንግሠው ተነሡ። የንጉሡ ጦር ተራራማውን የላስታ አገር ሊያስገብር አልቻለም።

ሱስንዮስ ፓትርያርኩ እንዲያለዝቡ መጠየቅ የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው። የሮም እምነት ወደ አገሩ የገባው በስብከት ወይም በተአምር ሳይሆን በእሳቸው ትእዛዝ ብቻ እንደሆነ፣ ስለዚህም ሥር እንዳልያዘ ለሜንዴዝ ማሳሰባቸው ይነገራል። ንጉሡ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተቀበሉትን ትምህርት አልካዱም። ጥያቄያቸው ሥርዓቱን፣ ጾሙንና በዓላቱን የሚመለከት ነበር፤ እነዚህ ከእምነቱ ጋር ካልተጋጩ ለምን እንደ ቀድሞው አይቀሩም የሚል ነው።

ሜንዴዝ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ጥቂት ነገር ፈቀዱ። የቀድሞው ቅዳሴ በፓትርያርኩ ታርሞ እንዲቀደስበት፣ በዓላት ከፋሲካና ከእሱ ጋር ከሚዘዋወሩት በቀር በድሮው አቆጣጠር እንዲከበሩ፣ በቅዳሜ ጾም ፋንታም ረቡዕ እንዲጾም ተስማሙ። ይሁን እንጂ ይህ ማሻሻያ የመጣው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ስለነበር ዐማፅያኑን አልመለሰም።

የወይና ደጋ ጦርነትና የ1632 ዐዋጅ

ሰኔ 1632 ሱስንዮስ የመልክአ ክርስቶስን ጦር ወይና ደጋ ላይ ገጥመው ድል አደረጉ። በጦርነቱ ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይነገራል። በማግስቱ ልጃቸው ፋሲለደስና መኳንንቱ ንጉሡን ሬሳው ወደተኛበት ሜዳ ወስደው፣ የወደቁት እስላሞችም አረማውያንም እንዳልሆኑ፣ ይልቁንም የገዛ ሕዝባቸውና ክርስቲያን ወንድሞቻቸው እንደሆኑ፣ በእንዲህ ያለ ድልም ደስ መሰኘት እንደማይገባ ነገሯቸው።

ንጉሡ በታላቅ ኀዘን ተመለሱ። ሜንዴዝ ቢቃወሙም በዚያው ወር ዐዋጅ አስነገሩ። በዐዋጁም የካቶሊክን እምነት የሰጡት መልካም መስሏቸው እንደነበር፣ ነገር ግን ብዙ ሕዝብ ስላለቀ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት እንደመለሱላቸውና ካህናቱም በቀድሞ ሥርዓታቸው እንዲቀድሱ እንደፈቀዱ አስታወቁ። ዙፋኑንም ለፋሲለደስ አስረከቡ።

ዕረፍት

ሱስንዮስ ዙፋናቸውን ከለቀቁ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ መስከረም 1632 ዐረፉ። የኢየሱሳውያኑ ጽሑፎች እስከ መጨረሻው ካቶሊክ እንደነበሩ ይናገራሉ። የተቀበሩት ራሳቸው አዘዞ ላይ ባሠሩት በገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለ ሕዝባቸው የወሰኑትንና በግላቸው ያመኑትን ለይተው መያዛቸው ከሌሎቹ የዘመኑ ሰዎች ይለያቸዋል። ወንድማቸው ስዕለ ክርስቶስ ለምሳሌ ካቶሊክነታቸውን አልተውም በማለታቸው በፋሲለደስ ዘመን ታስረው ተገደሉ።

ከእሳቸው በኋላ

ዓፄ ፋሲለደስ ሜንዴዝንና ሌሎቹን ኢየሱሳውያን በ1633 መጀመሪያ ወደ ፍሬሞና ላኩ፤ በ1634 ደግሞ ከአገር አስወጡ። ከእስክንድርያ አዲስ ጳጳስ አስመጥተው የቀድሞውን ሥርዓት መልሰው አቋቋሙ። ተደብቀው ከቀሩት ሚሲዮናውያን አንዳንዶቹ ተገደሉ።

ሚሲዮናውያኑ ቢሄዱም ያስነሡት ጥያቄ አገር ውስጥ ቀረ። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ራሳቸው ስለ ክርስቶስ ልደትና ስለ ቅባቱ እየተከራከሩ በተዋሕዶ፣ በቅባትና በጸጋ (ሦስት ልደት) ተከፋፈሉ። ቅባት በጎጃም፣ ሦስት ልደት በደብረ ሊባኖስና በሸዋ በረታ። የመንዝ ነጋሲዎች ዘር የሆኑት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሦስት ልደትን ደግፈው በመቆማቸው የሸዋ ካህናት እርስ በርስ ተጣሉ። ክርክሩ በዐዋጅ የተዘጋው በ1878 ዓፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። በዚያም ጉባኤ የተዋሕዶ ትምህርት ብቻ እንዲጸና ተወሰነ፤ ሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በሱስንዮስ ላይ እንደሆነው ሁሉ፣ በዚህም ጊዜ በዐዋጁ ያልተስማሙ ካህናት ቅጣት ደርሶባቸዋል።