አየርን የተከታተለው ሰው፦ ያኮብ ቢየርክኔስ

ዛሬ በታላላቅ ሰዎች ዓምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት የአንድ የአየር ሁኔታ ሊቅ ታሪክ ነው። ስሙ ያኮብ ቢየርክኔስ ይባላል። ያኮብ በኛ ያዕቆብ ማለት ነው። የሩቅ ሀገር ሰው ቢሆንም ታሪኩ እኛ ክረምት ድረስ ይመጣል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ያኮብ እ.ኤ.አ. በ1897 በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ተወለደ። የአድዋ ድል ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ወላጆቹ የኖርዌይ ሰዎች ናቸው። አያቱ የሂሳብ ሊቅ፣ አባቱ ቪልሄልም ደግሞ የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ። አባቱ ፀሐይና ጨረቃ መቼ እንደሚጋረዱ በሂሳብ እንደሚታወቅ ሁሉ የነገ ዝናብም በፊዚክስና በሂሳብ ሊታወቅ ይችላል ብለው ያምኑ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን የሚያምን ሰው ብዙ አልነበረም።

ያኮብ ወጣት እያለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳ። ቤተሰቡ የሚኖረው ጀርመን ሀገር ላይፕዚግ ከተማ ነበር። የአባቱ ተማሪ የነበረው ኸርበርት ፔትሶልድ ነፋሶች የሚገናኙበትን መስመር እያጠና ሳለ ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ በ1916 ሞተ። ጥናቱን ያኮብ ተረከበ። ያኔ እድሜው 20 እንኳን አልሞላም።

በ1917 ቤተሰቡ ወደ ኖርዌይ ተመልሶ በርገን ገባ። በርገን ተራራ የከበባት፣ ዝናብ የሚበዛባት የባሕር ዳር ከተማ ናት። ኖርዌይ ጦርነቱ ውስጥ ባትገባም ከውጭ እህል እንደልብ አይገባላትም ነበር። ከእንግሊዝ በቴሌግራም ይመጣ የነበረው የአየር ሁኔታ ወሬም የጦር ምስጢር ሆነና ቀረ። ገበሬው መቼ ሣር እንደሚያጭድ፣ ዓሣ አጥማጁ መቼ ባሕር እንደሚገባ ማን ይንገረው? አባትና ልጅ አንድ መላ ዘየዱ። በ1918 በባሕሩ ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ደመናውንና ነፋሱን እያዩ እንዲልኩላቸው አደረጉ። የመመልከቻ ቦታዎቹ በአሥር እጥፍ ገደማ ጨመሩ።

ያኮብ ይህን ሁሉ ወሬ ካርታ ላይ እያሰፈረ ሲመለከት ምን አገኘ መሰላችሁ? አየር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም ለካ! ቡና ሲቆላ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ልብሱ ቡና ቡና ይሸታል አይደል? አየርም እንደዚያው ነው። ለብዙ ቀን በረዶ ላይ የቆየ አየር ይቀዘቅዛል፣ በረሃ ላይ የቆየ ይደርቃል፣ ሞቃት ባሕር ላይ የቆየ ደግሞ እርጥበት ይይዛል። እንዲህ አንድ ባሕርይ የያዘ በጣም ሰፊ አየር የአየር ክምችት ይባላል። ከዚያ ተነስቶ ሲጓዝ ያንን ባሕርይ ይዞት ይሄዳል፤ የደረሰበትንም ሀገር ያበርዳል ወይም ያሞቃል።

ቀዝቃዛውና ሞቃቱ አየር ሲገናኙ ቶሎ አይቀላቀሉም። ሞቃቱ ቀላል ስለሆነ በቀዝቃዛው ላይ ይወጣል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ደመና ይሆንና ይዘንባል። የበርገን ሰዎች መገናኛውን ግንባር አሉት። ጊዜው የጦርነት ስለነበር ስሙ የመጣው ከጦር ግንባር ነው። ያኮብ ይህን በ1919 በ8 ገጽ ጽሑፍ ሲያወጣ ገና 21 ዓመቱ ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ያኮብ አሜሪካ ነበር። በ1940 ጀርመን ኖርዌይን ስለወረረች እዚያው ቀረ። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ብዙ የአየር ትንበያ ባለሙያዎችን አፈራ።

አሁን ወደኛ እንምጣ። ልደታ ላይ ኅዳር ሲሆን ሰማዩ ጥርት ይልና ጠዋት ጠዋት የሚቆነጥጥ ብርድ አለ። ይህ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዓረቢያና ከእስያ በኩል የሚመጣው ደረቅ አየር ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ ደንና ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል እርጥበት አዘል አየር ይመጣል። የሀገራችንን ተራሮች ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናብ ይሆናል። ቆርቆሯችንን የሚደበድበው ዝናብ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው የመጣው!

ግን አንዳንድ ዓመት ዝናቡ ለምን ይቀራል? ከእርሱ በፊት ጊልበርት ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ ሕንድ ሀገር ሆኖ ይህንኑ ሲፈልግ ኖሯል። የአባይን ሙላት ቁጥር እንኳን ሳይቀር አገላብጧል፤ የአባይ ሙላት ደግሞ የኛ ክረምት ነው። መልሱን ያገናኘው ያኮብ ነው። በ1969፣ በ71 ዓመቱ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ነፋሱ ሲደክም ሞቃቱ ውሃ ወደ ምሥራቅ እንደሚሰራጭ፣ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ነፋሱ ይበልጥ እንደሚደክም አስረዳ። የውሃው መሞቅ ኤልኒኖ ይባላል። ያኮብ የነፋሱን ዑደት በራሱ ስም አልጠራውም፤ የዎከር ዑደት ብሎ ለቀደመው ሰው ሰጠው።

ኤልኒኖ ሲመጣ የኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ይዳከማል። የወሎ ረሀብ በነበረበት በ1965 ዓ.ም. ኤልኒኖ ነበር። ያን ጊዜ ግን ዝናቡ መቅረቱ ብቻ አይደለም ሰው የጨረሰው፤ ረሀቡም ተደብቆ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ክረምትም ኤልኒኖ መጥቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝባችን የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል። አሁን የሀገራችን ሚቲዎሮሎጂ ክረምት ከመግባቱ በፊት የፓስፊክን ሙቀት አይቶ ትንበያ ይናገራል። ገበሬው ቀድሞ ከሰማ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይመርጣል፣ መንግሥትም እህል ያዘጋጃል። የሰማ ካልተዘጋጀ ግን ማወቁ ብቻ አያድንም።

ያኮብ ቢየርክኔስ እ.ኤ.አ. በ1975 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ77 ዓመቱ አረፈ።

ጓደኞቼ፣ ከዚህ ሰው ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሰው ጀምሮ ያልጨረሰውን ሥራ አንስቶ መጨረስ ትልቅ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ያ ሁሉ እውቀት የተገኘው ብዙ ተራ ሰዎች በየቀኑ ሰማዩን እያዩ ያዩትን በትክክል ስለጻፉ ነው። እኛም ከዜና በኋላ የአየር ትንበያ ሲመጣ ቻናል አንቀይር፣ ለቤተሰቦቻችንም እንንገር።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።

አዘጋጅ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ ከ7ኛ ክፍል