የተቀደመው ተመራማሪ፦ የአለን ቱሪንግ የዶክትሬት ጥናትና የአዲስነት መስፈርት

መግቢያ

ከእንጦጦ ተራራ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የአዲስ አበባ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ በአንድ እይታ ይገባል። በተራራው ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ከመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃ እንዲቀበል የተሠራው ጣቢያም እዚያው ይገኛል። ከግርጌው፣ በስድስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ተዘርግቷል። ወደ ምሥራቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ መምህራንን ሲያፈራ የኖረው የኮተቤ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979፣ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው ደግሞ በ1987 ነው።

ዛሬ በከተማዋ በኮምፒውተር ሳይንስና በአቅራቢያው ባሉ ዘርፎች ለዶክትሬት የሚዘጋጁ ተማሪዎች የሚመሩባቸው ደንቦች በሌላው ዓለም ካሉት በመሠረቱ አይለዩም። የኮርስ ሥራ፣ የጥናት ንድፍ፣ የአማካሪ ክትትል፣ የመመረቂያ ጽሑፍና በፈታኞች ፊት የሚደረግ መከላከል በሁሉም ዘንድ አሉ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ መስፈርት ይቆማል፦ ጥናቱ ለዕውቀት አዲስ አስተዋፅኦ እንዲያበረክት ይጠበቃል። ተማሪውን እንቅልፍ የሚነሳውም ይኸው ነው። ለዓመታት የደከመበትን ውጤት ሌላ ሰው በሌላ አገር ቀድሞ አሳትሞት ቢገኝ ድካሙ ምን ይባላል? በዚህ ጥያቄ ረገድ ከኮምፒውተር ሳይንስ መሥራቾች አንዱ የሆነው የአለን ቱሪንግ ሕይወት ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ቱሪንግ ዶክትሬቱን ከማግኘቱ በፊት ሁለት ጊዜ ተቀድሟል፤ ሁለቱንም ጊዜ ግን ሥራው አልተጣለም።

የመጀመሪያው መቀደም

አለን ማቲሰን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1912 በለንደን ተወለደ። አባቱ በሕንድ የእንግሊዝ አስተዳደር ሠራተኛ ስለነበር ልጅነቱን ያሳለፈው በአብዛኛው ከወላጆቹ ተለይቶ ነው። በ1931 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኪንግስ ኮሌጅ ገብቶ ሒሳብ አጠና። የመጀመሪያ ዲግሪውን እንደጨረሰ የኮሌጁ ባልደረባ ሆኖ ለመመረጥ የሚያበቃ ጽሑፍ ማዘጋጀት ነበረበት። የመረጠው ርዕስ ከስታቲስቲክስ መሠረቶች አንዱ ነበር፦ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ብዙ ጥቃቅን ስሕተቶች ሲደማመሩ ሥርጭታቸው ስለምን የደወል ቅርጽ ይይዛል? ማረጋገጫውን ያለማንም ረዳትነት አገኘ።

ሆኖም ፊንላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ያርል ሊንደበርግ ያንኑ ውጤት በ1922 አሳትሞት ነበር። ቱሪንግ ይህን የተረዳው ሥራውን ካከናወነ በኋላ ነው። ኮሌጁ ጽሑፉን ውድቅ አላደረገም፤ ቱሪንግ የቀዳሚውን ሥራ በግልጽ ጠቅሶ የራሱን እንዲያቀርብ ተፈቀደለት። መራጮቹ የመዘኑት በማረጋገጫው ውስጥ የታየውን ችሎታ ነበርና በማርች 1935፣ በ22 ዓመቱ፣ የኮሌጁ ባልደረባ ሆኖ ተመረጠ።

ሁለተኛው መቀደም

በዚያው ዓመት ጸደይ ቱሪንግ የማክስ ኒውማንን ትምህርት ይከታተል ነበር። ኒውማን በክፍል ካነሣቸው ጉዳዮች አንዱ ጀርመናዊው ዴቪድ ሂልበርት ያቀረበው የውሳኔ ጥያቄ ነው። ጥያቄው አንድ የሒሳብ ዐረፍተ ነገር ሊረጋገጥ ይችል እንደሆነና እንዳልሆነ ሁልጊዜ የሚለይ የተወሰነ የአሠራር ሥርዓት መኖሩን የሚመረምር ነው። ቱሪንግ ጉዳዩን የያዘው ከሌሎች በተለየ መንገድ ነበር። በወረቀትና በእርሳስ የሚያሰላ ሰው የሚያደርገውን አንድ በአንድ ተከታትሎ፣ በካሬዎች የተከፈለ ረጅም ጥብጣብ ላይ ምልክት የምታነብ፣ የምትጽፍ፣ የምትሰርዝና አንድ ካሬ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የምትሄድ ማሽን በሐሳቡ ሠራ። የማናቸውንም እንዲህ ያለች ማሽን መመሪያ ተቀብላ ሥራዋን የምትሠራ አንዲት ሁለንተናዊ ማሽን ልትኖር እንደምትችል አሳየ። በመጨረሻም እነዚህ ማሽኖች ሊመልሱት የማይችሉት ጥያቄ መኖሩን በማረጋገጥ የሂልበርት ጥያቄ መልስ አሉታዊ መሆኑን ደመደመ።

ረቂቁን በኤፕሪል 1936 ለኒውማን ሰጠ። ብዙም ሳይቆይ ከአሜሪካ አንድ ጽሑፍ ደረሰ። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው አሎንዞ ቸርች ራሱ በፈጠረው የምልክት ሥርዓት ተጠቅሞ እዚያው ድምዳሜ ላይ ደርሶ፣ ውጤቱንም አሳትሞ ነበር። ቱሪንግ ዳግመኛ ተቀደመ።

የዚህ ታሪክ መታጠፊያ ኒውማን የወሰደው እርምጃ ነው። ድምዳሜው አንድ ቢሆንም የቱሪንግ መንገድ ከቸርች መንገድ ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ተገነዘበ፤ ጽሑፉ መታተም እንዳለበት ለለንደን የሒሳብ ማኅበር አስረዳ። ይልቁንም ለቀዳሚው ለቸርች ራሱ ደብዳቤ ጽፎ ይህ ወጣት ያለ መሪ ብቻውን የሠራ መሆኑን ገለጸለት፤ በዘርፉ ከሚሠሩት ሰዎች ጋር ቢገናኝ እንደሚሻልም አመለከተ። ቱሪንግ በበኩሉ በኦገስት 1936 በጽሑፉ ላይ አባሪ ጨምሮ የእርሱ የስሌት ትርጓሜና የቸርች ትርጓሜ እኩል መሆናቸውን አሳየ። የአባሪው ፍሬ ነገር ጽሑፉን ከማዳን ያልፋል። በሁለት በማይገናኙ መንገዶች ወደ አንድ ቦታ መድረስ መቻሉ የስሌት ወሰን በእርግጥ የተገኘ ለመሆኑ ጠንካራ ምስክር ሆነ። መቀደሙ ራሱ ለዕውቀት ጥቅም ሰጠ ማለት ይቻላል።

ፕሪንስተን፦ ቆይታ፣ ገንዘብና አማካሪ

ቱሪንግ በሴፕቴምበር 1936 በመርከብ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። የሄደው ለአንድ ዓመት እንጂ ለዶክትሬት አልነበረም። ለፕሮክተር የነፃ ትምህርት ዕድል ቢያመለክትም በመጀመሪያው ዓመት ስላላገኘው ከካምብሪጅ በሚከፈለው አበል ተቸግሮ ኖረ። በዲሴምበር ስለ ማሽኖቹ ንግግር ሲያደርግ ጥቂት አድማጭ ብቻ ተገኘ፤ ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣም ቅጂ እንዲላክላቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጠየቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ የዘርፉ መሠረት ተብሎ የሚጠቀሰው ሥራ በወቅቱ ያገኘው አቀባበል ይህን ያህል ነበር። የቱሪንግን ጽሑፍ በ1937 ገምግሞ ማሽኑን በቱሪንግ ስም የጠራው ግን የቀደመው ቸርች ነው።

ሁለተኛ ዓመት ቆይቶ ዶክትሬቱን እንዲያጠናቅቅ የተመከረው በፕሪንስተን ነው። በዚህ ጊዜ የፕሮክተር ዕድል ተሰጠው፤ መጠኑም 2,000 ዶላር ነበር። ከደጋፊ ደብዳቤዎቹ አንዱን የጻፈው ጆን ቮን ኖይማን ሲሆን፣ ያወደሰው ቱሪንግ በሌሎች የሒሳብ ቅርንጫፎች የሠራውን ነው፤ ስለ ስሌት ማሽኖቹ ምንም አላነሣም። ይህ እውነታ ለደንብ አውጪዎች ትምህርት አለው። የተማሪን ሥራ የሚመዝኑ ሰዎች ሊቃውንት ቢሆኑም እንኳ ገና መልክ ያልያዘን ዘርፍ ዋጋ በአንድ ጊዜ ላያዩት ይችላሉ።

የመመረቂያው ጽሑፍ

አማካሪው ቸርች ሆነ። የቀደመውና የተቀደመው መምህርና ተማሪ ሆነው ለመሥራት ተስማሙ። የጽሑፉ መነሻ ኩርት ጎደል በ1931 ያረጋገጠው ሐቅ ነው፦ የቁጥርን ሳይንስ ለመያዝ በሚበቃ ማንኛውም ከቅራኔ የነጻ የሎጂክ ሥርዓት ውስጥ እውነት ሆኖ ሳለ ሊረጋገጥ የማይችል ዐረፍተ ነገር ይኖራል። ቱሪንግ ቀጣዩን ጥያቄ አነሣ። ያ ዐረፍተ ነገር እንደ አዲስ መነሻ ቢጨመር፣ በሚገኘውም አዲስ ሥርዓት ላይ ይኸው ቢደገም፣ ድግግሞሹም ከማናቸውም ውሱን ቁጥር አልፎ ቢቀጥል ጉድለቱ ይሞላል? መልሱ ከፊል ነው። ለተወሰነ የዐረፍተ ነገር ዓይነት ጉድለቱ ይሞላል፤ ነገር ግን ችግሩ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም፤ የድግግሞሹን ደረጃዎች በትክክል መለየት በማሽን ሊሠራ የማይችል ሥራ ሆኖ ይገኛልና። በዚሁ ጽሑፍ ራሷ ልትፈታው ለማትችለው ጥያቄ ከውጭ መልስ የምትቀበል ማሽን አስተዋወቀ፤ የማይሰሉ ጥያቄዎችን በክብደት የማወዳደር ጥናት የተነሣው ከዚህች ሐሳብ ነው።

ሥራው እንደታሰበው ቶሎ አላለቀም። ቸርች የሰጣቸው አስተያየቶች ጽሑፉን እጅግ አስረዘሙት፤ ቱሪንግም በመዘግየቱ ቅር ተሰኝቶ ነበር። የቃል ፈተናውን ሜይ 31 ቀን 1938 አለፈ፤ ዲግሪው በጁን ተሰጠው። የተሰጠውም በሒሳብ ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንስ የሚባል የትምህርት ክፍል በዓለም ላይ ገና አልነበረም። ቮን ኖይማን በዓመት 1,500 ዶላር የሚከፈልበት የረዳትነት ቦታ ቢያቀርብለትም ቱሪንግ ወደ አገሩ መመለስን መረጠ።

ከዲግሪው በኋላ

ጦርነቱ እንደታወጀ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1939፣ ወደ ብሌችሊ ፓርክ ገባ። በዚያ የጀርመንን ምሥጢራዊ ጽሕፈት ለመፍታት የነደፈው ማሽን ማሪያን ሬየቭስኪና የፖላንድ ባልደረቦቹ ቀድመው በከፈቱት መንገድ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ጎርደን ዌልችማንም አሻሽሎታል። ከጦርነቱ በኋላ በብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ የኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ንድፍ አዘጋጀ፤ በ1948 ወደ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ በ1950 ማሽን ያስባል ወይ የሚለውን ጥያቄ መረመረ። በ1952 በወቅቱ የአገሩ ሕግ በግል ሕይወቱ ምክንያት ተከሶ ተፈረደበት፤ ጁን 7 ቀን 1954 በ41 ዓመቱ ሞተ። የእንግሊዝ መንግሥት በ2013 ከሞት በኋላ ምሕረት አድርጎለታል። የኮምፒውተር ሳይንስ ታላቁ ሽልማት ከ1966 ጀምሮ በስሙ ይሰጣል።

ዘርፉ የራሱን ዲግሪ ለማግኘት ጊዜ ፈጅቶበታል። በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1962 ነው፤ በ1965 ደግሞ ሜሪ ኬኔት ኬለር የተባለች መነኩሲትና ኧርቪንግ ታንግ በአንድ ቀን በሁለት የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች በዘርፉ ዶክትሬት ተቀበሉ።

በአገር ቤት ሚዛን

ቱሪንግ ረቂቁ የተቀደመ መሆኑን በተረዳበት በሜይ 1936 አዲስ አበባ በፋሺስት ኢጣሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው ከ14 ዓመታት በኋላ፣ በ1950 ነው። የሊቅነት ማስመስከሪያ ሥርዓት ግን ከዚያ በፊት ለዘመናት የኖረ ነው። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ወደ ዙር አባ ሄዶ በሊቃውንት ፊት ያስመሰክራል፤ ፈታኙ ከተማሪው የቅርብ መምህር ውጭ እንዲሆን የዛሬው ደንብ የሚጠይቀውን ያህል ማለት ነው።

ለአዲስነት መስፈርት ይበልጥ የሚቀርበው የቅኔ ቤት ሥርዓት ነው። የቅኔ ተማሪ በየዕለቱ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የሌላውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። ሆኖም ጉባኤ ቃናው፣ ዋዜማውና መወድሱ ከጥንት የተወረሱ መንገዶች ናቸው፤ ምሥጢሩም ብዙ ጊዜ ሌሎች ከተቀኙበት ታሪክ ይቀዳል። አዲስነቱ የሚፈለገው በተማሪው አካሄድ ውስጥ ነው። የኪንግስ ኮሌጅ መራጮችና ኒውማን በቱሪንግ ላይ የፈረዱትም በዚሁ ሚዛን ነበር።

መደምደሚያ

ከቱሪንግ የጥናት ዘመን ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ቀድሞ መድረስና አዲስ ነገር ማበርከት አንድ አይደሉም፤ በመሆኑም የዶክትሬት ደንብ ተቀድሞ የተገኘ ተማሪ የአካሄዱን ልዩነት እንዲያስረዳ ቦታ ሊተውለት ይገባል። ሁለተኛ፣ ይህ ቦታ የሚገባው ቀዳሚውን በግልጽ ለሚጠቅስ ብቻ ነው፤ ቱሪንግ ሊንደበርግን ቢደብቅ ወይም ቸርችን ቢያልፍ ሥራው ይጠፋ ነበር፤ ግንኙነቱን በማሳየቱ ግን ከበረ። ሦስተኛ፣ የአማካሪ ግዴታ ረቂቅ ማረም ብቻ አይደለም። ኒውማን ያደረገው ተማሪውን ከቀደመው ሰው ጋር ማገናኘት ነበር፤ የቅርብ ምርምር ዘግይቶ በሚደርስበት አገር ይህ ግዴታ ከሁሉም ይከብዳል።

በእንጦጦ ግርጌና በየካ የሚያጠናው ተማሪ እንደ ሃያ ሦስት ዓመቱ ቱሪንግ ብቻውን ደክሞ የሌላውን ጽሑፍ በመጨረሻ ሰዓት ሊያገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ዕጣውን የሚወስነው የደንቡ ጥብቅነት ሳይሆን ደንቡን በእጁ የያዘው ሰው ልዩነትን የማየት ችሎታ ነው።