ለሦስት ዓመት ብቻ ባለቤት የነበረው ፊደል፦ የሮበርት ቤዝሊ ሕይወት

የአሜሪካን ምዕራብ በሚያሳዩ የቆዩ ፊልሞች፣ የሚፈለጉ ወንበዴዎችን ስም የያዘ ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ጽሑፉ ወፍራም ነው፤ የላቲን ፊደላቱ አናትና እግር ላይ እንደ ጡብ የደነደነ ጠርዝ አላቸው። የዚህ ቅርጽ የዘር ሐረግ ግን የሚመዘዘው ከቴክሳስ ሳይሆን ከለንደን ነው።

ሮበርት ቤዝሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1794 በእንግሊዟ ኤክሴተር ከተማ ተወለዱ። በ1826 በለንደን የሚገኘውን የፋን ስትሪት የማተሚያ ፊደል ፋብሪካ ተቀላቀሉ። ፋብሪካውን በ1820 የገዙት ዊሊያም ቶሮጉድ ገንዘቡን ያገኙት ከሎተሪ ዕጣ እንደሆነ ይነገራል። ቤዝሊ በትጋታቸው የእኚህ ሰው ሸሪክ ለመሆን በቁ።

ዘመኑ የማስታወቂያ ዘመን ነበር። ቲያትር ቤቶችና ነጋዴዎች የአላፊ አግዳሚውን ዓይን ለመሳብ ይሻሙ ነበር፤ ለመጻሕፍት የተቀረጸው ቀጭን ፊደል ግን ከሩቅ አይታይም። ቪንሰንት ፊጊንስን የመሰሉ አምራቾች ጠርዛቸው የደነደነ ፊደላትን ቀደም ብለው ለገበያ አቅርበዋል። እነዚህ ግን ከተራ ጽሑፍ ጎን ሲቀመጡ እጅግ ይከብዱ ነበር።

የቤዝሊ ፋብሪካ በ1845 ያወጣው ‹ክላረንደን› ለዚህ ችግር መልስ ሆነ። ቀራጩ ቤንጃሚን ፎክስ ጠርዞቹን ከፊደሉ ግንድ ጋር በለስላሳ ኩርባ አገናኟቸው። ፊደሉ ጎልቶ ይታያል፤ ከጎኑ ካለው ተራ ጽሑፍ ጋርም ይስማማል። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ዋናውን ቃል ከፍቺው ለመለየት የተመቸ ሆነ።

በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል በየመጠኑ በብረት ላይ በእጅ ይቀረጽ ነበር። ድካሙ ብዙ፣ መገልበጡ ግን ቀላል ነበር። ስለዚህ ክላረንደን በ1842ቱ የጌጣጌጥ ንድፎች ሕግ ተመዘገበ፤ በዚህም ከመጀመሪያዎቹ የተመዘገቡ የፊደል ቅርጾች አንዱ ሆነ። ሕጉ የሰጠው ከለላ ግን ሦስት ዓመት ብቻ ነበር። ጊዜው እንዳበቃ ተፎካካሪዎች ቅርጹን እየገለበጡ በየራሳቸው ካታሎግ አወጡት።

አትላንቲክን ሲሻገርም መልኩ ተለወጠ። በኒውዮርክ ዳርየስ ዌልስ ከ1827 ጀምሮ የእንጨት ፊደላትን በብዛት ማምረት ጀምረው ነበር። እንጨት ቀላልና ርካሽ በመሆኑ ግዙፍ ፊደል ለመሥራት ተመቸ። አምራቾቹ የክላረንደንን ጠርዝ ይበልጥ አደነደኑት፤ ጥላና ጌጥም አከሉበት።

ቤዝሊ በ1861 ከፊደል ሥራ ጡረታ ወጡ። በ1869 ‹ሎርድ ሜየር› በሚል ማዕረግ የሲቲ ኦፍ ለንደን ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፤ በ1876 አረፉ።

ክላረንደን ግን ከፈጣሪዎቹ በኋላም ዘለቀ፤ በ1950ዎቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ እንደገና ተቀረጸ። ቤዝሊን የገጠማቸው የባለቤትነት ጥያቄም እልባት አላገኘም። በአሜሪካ ዛሬም የፊደል ቅርጽ በራሱ የቅጂ መብት ጥበቃ አይሰጠውም።