የባቡር ሠራተኞች ጠበቃ፤ የአል ሻፊዕ አሕመድ አል ሼኽ አጭር የሕይወት ታሪክ

ከጭልጋ አካባቢ የሚነሣው የጓንግ ወንዝ በመተማ በኩል ቍልቍል ወደ ሱዳን ከወረደ በኋላ ስሙ ተለውጦ አትባራ ይባላል። ከገዳሪፍ በስተምሥራቅ ያለውን ሰፊ ሜዳ እያቋረጠ ሲሄድ፥ እኛ ተከዜ ሱዳኖች ግን ሰቲት የሚሉትን ወንዝ ይጨምርና ወደ ሰሜን አምርቶ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በመገናኛው ላይ ያለችው ከተማም የወንዙን ስም ይዛ አትባራ ተብላለች። እንግሊዞች ሱዳንን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን የምድር ባቡሩን ዋና መሥሪያ ቤትና የጥገና ወርክሾፖች ያቋቋሙት በዚህችው ከተማ ስለ ነበረ፥ የሱዳን ሠራተኞች ማኅበር ታሪክም ከዚያ ይጀምራል። ይህ ጽሑፍ በዚያ ታሪክ ውስጥ ስሙ ከሁሉ ይልቅ የሚጠራውን ሰው፥ የአል ሻፊዕ አሕመድ አል ሼኽን ሕይወት የሚመለከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሻፊዕ በ1924 በሸንዲ ከተማ ተወለደ። ያ ዓመት ለሱዳን ቀላል ዓመት አልነበረም። በነሐሴ ወር በአትባራ ይሠራ የነበረው የግብፅ ጦር የባቡር ሻለቃ በእንግሊዞች ላይ ዐመፀ፤ በዚያው ዓመትም ሐያ ከሚባለው ጣቢያ የተገነጠለው አዲስ የባቡር መስመር ከሰላ ደረሰ። ይኸው መስመር በ1928 ወደ ገዳሪፍ ገብቶ፥ በ1929 በሰናር በኩል ከዋናው መስመር ጋር ተገናኘ። ከዚያ በፊት ሱቅ አቡ ሲን ተብሎ ይታወቅ የነበረው የገዳሪፍ ገበያ ማሽላውንና ሰሊጡን በግመል ሲያጓጕዝ የኖረ ነው፤ ባቡሩ ከገባ በኋላ ግን የአገሩ ምርት እስከ ፖርት ሱዳን ወደብ ድረስ በሐዲድ ይወርድ ጀመር። ሐዲዱን የሚጠብቀው፥ ጭነቱን የሚቈጣጠረውና ባቡሩን የሚነዳው ሠራተኛ ሁሉ በአትባራ ሥር ስለ ነበረ፥ በዚያ የሚሆነው ነገር በገዳሪፍ ጣቢያም ይሰማ ነበረ።

ወጣቱ ሻፊዕ የተማረው በአትባራ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። መምህራን ለሆንን ለእኛ ይህ ነጥብ በችኰላ የሚታለፍ አይደለም። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ለወርክሾፑ ባለሙያዎችን ለማውጣት ነበረ እንጂ ለሌላ ዓላማ አልነበረም። ነገር ግን ብረት መቍረጥንና ሞተር መፍታትን የተማረው ልጅ ንባብና ሒሳብም አብሮ ተምሯልና፥ የደመወዙን መዝገብ ለማንበብ፥ የጓደኛውን ክፍያ ከራሱ ጋር ለማመዛዘንና ማመልከቻ ለመጻፍ ቻለ። በኋላ ማኅበሩን ካቋቋሙት ሰዎች ብዙዎቹ የዚሁ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች የሆኑት በአጋጣሚ አይመስለኝም። አሠሪው ለራሱ ጥቅም የከፈተው ትምህርት ቤት ተከራካሪዎችን አፈራለት።

በዚያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ሰው በሁለት ወገን የተከፈለ ነበረ። አንደኛው ወገን በመደብ የተመዘገበው ሹምና ጸሓፊ ነው፤ ለእርሱ ጡረታና የተወሰነ ፈቃድ ነበረለት። ሁለተኛው ወገን ግን በብዛት የሚበልጠው የእጅ ባለሙያውና የቀን ሠራተኛው ሲሆን፥ ሕይወቱ በጉልበቱ ላይ የተንጠለጠለ ነበረ። በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ሰው ወባ ይዞት ቢተኛ ወይም ጣቱን መኪና ቢቈርጠው፥ ቤተ ሰቡ የሚበላው ከጎረቤት ነው። እንግሊዛውያኑ ሹማምንት በዓባይ ዳር በዛፍ ጥላ በተከበቡ ቤቶች ሲኖሩ፥ ሠራተኛው በጠባብ ሰፈር ተጨናንቆ ይኖር ነበረ። በዚህ ምክንያት ሠራተኞቹ ገና ሕጋዊ ማኅበር ሳይኖራቸው እርስ በርሳቸው የሚረዳዱበትን መንገድ ፈለጉ። ሱዳኖች ሰንዱቅ የሚሉት ልማድ ከእኛ ዕቁብ ጋር አንድ ነው፤ የአገር ልጆች መረዳጃም እንደ ዕድራችን ለሞትና ለሕመም ይደርስ ነበረ። ይሁን እንጂ ዕቁብና ዕድር የሚያካፍለው የድኾችን ገንዘብ ለድኾች ነው፤ ጉዳቱ በደረሰበት ሥራ የሚያተርፈውን አሠሪ አያስከፍልም። የአትባራ ሰዎች ይህን ልዩነት ተረድተው መነሣታቸው ትልቅ ነገር ነው።

በ1946 የሠራተኞች ጉዳይ ማኅበር የሚባለው ድርጅት በአትባራ ተቋቋመ። ሻፊዕ ያን ጊዜ የ22 ዓመት ወጣት ሲሆን፥ ብዙም ሳይቈይ ስሙ ከማኅበሩ መሪዎች ጋር ይጠራ ጀመር። መንግሥት ማኅበሩን ለማወቅ ስላልፈቀደ፥ በሐምሌ ወር 1947 ሠራተኞቹ ተሰልፈው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዱ፤ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ሥራውም ቆመ። ባቡር በሌለበት የሱዳን ጥጥና ሙጫ ወደብ አይደርስምና፥ መንግሥት ማኅበሩን ለማወቅ ተገደደ። በ1948 ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ለ33 ቀን የቈየ የሥራ ማቆም አድማ ተደረገ። ደመወዝ ሳይቀበሉ ከወር በላይ መቆየት ለቀን ሠራተኛ ምን ማለት እንደ ሆነ፥ የመምህራንን ደመወዝ መዘግየት የቀመሰ አንባቢ ሳይነገረው ያውቃል።

የእነዚህ ትግሎች ፍሬ በ1948 እና በ1949 በወጡት ሕጎች ታየ። የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ፥ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፥ የወርክሾፕና የፋብሪካ ሕግ፥ እንዲሁም የሠራተኞች የጉዳት ካሣ ሕግ ተራ በተራ ተደነገጉ። ከሁሉ ይልቅ ስለ ካሣው ሕግ ጥቂት መናገር ይገባል። ቀድሞ በሥራ ላይ እጁን ያጣ ሰው ካሣ ለማግኘት አሠሪው ማጥፋቱን በዳኛ ፊት ማስረዳት ነበረበት፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ ገንዘብም ጠበቃም ያስፈልጋል። በካሣ ሕግ ግን ጥፋተኛው ማን ነው የሚለው ክርክር ይቀርና፥ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ ብቻ ይጠየቃል። ሐኪም የጉዳቱን መጠን ይመረምራል፤ ካሣውም ከሰውየው ደመወዝ ጋር ተመዛዝኖ ይቈረጣል። ሕጉ በወረቀት ላይ እንዳይቀር የሚያደርገው ማኅበሩ ነው፤ አደጋው በጊዜው እንዲመዘገብ፥ የሐኪሙ ወረቀት እንዳይጠፋ፥ ማንበብ የማይችለው ሠራተኛ ባልተረዳው ውል ላይ ጣቱን እንዳያትም የሚከታተል ጸሓፊ ያስፈልጋልና። የሻፊዕ ሙያ ይህ ነበረ። ስለ እርሱ የሚጽፉ ሰዎች ሰልፉንና እስራቱን ይወዳሉ፤ እኔ ግን ትልቁ ሥራው ይህ የመዝገብና የማመልከቻ ሥራ ይመስለኛል።

በ1950 ማኅበራቱ ተባብረው የሱዳን ሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ፥ ሻፊዕ ጥቂት ቈይቶ ዋና ጸሓፊ ሆኖ ተመረጠ። የሱዳን ኮሚኒስት ፓርቲ አባልና መሪም ነበረ፤ በውጭ አገርም የዓለም ሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሰ። የፖለቲካ ሐሳቡን የማይቀበሉ ሰዎች ብዙዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በሠራተኛው ዘንድ የነበረውን እምነት ግን የካደ አልተገኘም። በኅዳር 1958 ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ሥልጣን ሲይዙ ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሻፊዕም ታሰረ። በጥቅምት 1964 ተማሪው፥ መምህሩ፥ ሐኪሙ፥ ዳኛውና የባቡር ሠራተኛው በአንድነት ሥራ አቁመው ወታደራዊውን መንግሥት በጣሉት ጊዜ፥ ሻፊዕ የሠራተኞች እንደራሴ ሆኖ በሽግግሩ መንግሥት ሚኒስትር ሆነ። ከወርክሾፕ ተነሥቶ ወደ ሚኒስትሮች ምክር ቤት መግባት በአፍሪቃ በዚያ ጊዜ እምብዛም ያልተለመደ ነበረ። በእኛ አገር የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የተቋቋመው በ1963፥ ማለት ከዚህ አንድ ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ነው፤ ከፈር ቀዳጆቹም መካከል የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኞች ይገኙበታል።

የሻፊዕ ባለቤት ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም መምህርት ነበረች። በ1952 ከተመሠረተው የሱዳን ሴቶች ኅብረት መሥራቾች አንዷ ስትሆን፥ በ1965 ለምክር ቤት ተመርጣ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነች። ሴት መምህራንና ሠራተኞች ከወንዶች ጋር እኩል ደመወዝ እንዲከፈላቸው፥ ለወሊድም ደመወዝ የማይቋረጥበት ፈቃድ እንዲሰጣቸው ተከራክራለች። ባልና ሚስቱ አንድ ልጅ ወለዱ።

ሐምሌ 19 ቀን 1971 ሻለቃ ሃሺም አል አታ የጃዕፈር ኒሜሪን መንግሥት ገለበጠ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ኒሜሪ ወደ ሥልጣኑ ተመለሰ። ሻፊዕ በግልበጣው ተባብሯል ተብሎ ተያዘ፤ ወዳጆቹና ሌሎች ብዙዎች ክሱን አይቀበሉም። ችሎቱ የጦር ፍርድ ቤት ነበረ፤ ጊዜውም አጭር። ከመሞቱ በፊት ብርቱ ድብደባ እንደ ተፈጸመበት ይነገራል። ሐምሌ 26 ቀን በኮበር ወህኒ ቤት ተሰቀለ፤ ዕድሜው 47 ዓመት ገደማ ነበረ። ፋጢማም በቤቷ እንደ ታሰረች ቈየች። ከሰባት ወር በኋላ እኒያው ኒሜሪ በአዲስ አበባ በተፈረመው የደቡብ ሱዳን ስምምነት የሰላም ሰው ተብለው ተመሰገኑ፤ ታሪክ እንዲህ ያለውን ነገር ከአንድ ሰው ጋር አጣምሮ ማስቀመጥ ይወዳል። ሱዳን ለሠራተኞች የመጀመሪያውን የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ያወጣችው በ1974፥ እርሱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ሥራውን ስንመዝን ጕድለቱንም መናገር ይገባል። ሻፊዕና ጓደኞቹ የመሠረቱት ነገር የጸናው የደመወዝ መዝገብ ባለበት ቦታ ነበረ፤ በባቡር፥ በወደብ፥ በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት። የገዚራ ጥጥ አምራች ገበሬዎችም የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ነበረ። በገዳሪፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፥ በ1944 እና በ1945፥ ለጦር ሠራዊት የሚሆን እህል ለማምረት በገደምበሊያ የትራክተር እርሻ ተጀመረ፤ ከዚያም ወዲህ እርሻው እስከ ድንበሩ ድረስ ተስፋፋ። ትራክተር ያርሳል፤ ሰሊጥ ግን ፍሬው ሳይረግፍ በእጅ መታጨድ አለበት። አጫጁ ከምዕራብ ሱዳን፥ ከጎንደርና ከትግራይ ወገን በየዓመቱ የሚመጣ ሰው ነው። ለአንድ ወቅት ይሠራል፤ ስሙ በመዝገብ አይሰፍርም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አሠሪ ጋር ይገኛል። እንዲህ ያለውን ሰው በማኅበር ማደራጀት በአትባራ ወርክሾፕ ውስጥ እንደ ማደራጀት አይደለም፤ ፌዴሬሽኑም ያን ያህል ርቆ አልደረሰም። በ1997 የወጣው የሱዳን የሥራ ሕግ ልዩነቱን በግልጽ አስቀመጠው፤ የእርሻ መኪና የሚነዳውንና የሚጠግነውን ሰው በሕጉ ውስጥ ሲያስገባ፥ በዚያው እርሻ ላይ በማጭድ የሚሠራውን አስቀረው።

የገዳሪፍ በሽታ ደግሞ የሚያጠቃው በተለይ ይህንኑ ሰው ነው። ካላዛር የሚባለውን ሕመም የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ግራር በበዛበት፥ የመረሬው አፈር በበጋ በሚሰነጠቅበት በአትባራና በራሃድ ወንዞች ዳር ትራባለች፤ ከድንበሩ ወዲህም በመተማና በሑመራ እንዲሁ ነው። ከሥራ በኋላ በዛፍ ሥር ሜዳ ላይ የሚተኛው አጫጅ በሌሊት ይነደፋል። ትኵሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሰውነቱ ይመነምናል፤ ካልታከመ ይሞታል። መድኃኒቱ በመርፌ በየቀኑ እስከ 17 ቀን የሚሰጥ ነው። ሕክምናውን የመንግሥት ሐኪም ቤቶችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሲሰጡ ቈይተዋል፤ በሽተኛው ተኝቶ ለሚያሳልፋቸው ለ17ቱ ቀናት ግን ደመወዝ እንዲከፍል የሚያስገድደው አሠሪ የለም።